በሁዳዴ የተደበቀ ቅቤ

ታናሲ ቅቤውን የሚደብቀው በመበየጃ ዕቃው ሣጥን ውስጥ፣ ከሙጫውና ከእርሳሱ ሥር ነበር። ሚስቱ ሃፊያ በግቢው ውስጥ የማትከፍተው ነገር ቢኖር ያ ሣጥን ብቻ ነው፤ እጅ ያቆሽሻል፣ ይሸታል፣ ደግሞም የወንድ ኮተት ነው። ታናሲ ማለዳ ማለዳ ዶሮዎቹን ሊያይ የወጣ መስሎ ወደ ሥራ ጎጆው ይገባና በሩን በክርኑ ገፋ አድርጎ ይዘጋል። ከቅቤው በጣቶቹ ዛቅ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ይውጣል። ማንኪያ አይጠቀምም፤ ሃፊያ ማንኪያዎቿን ትቆጥራለች። ከዚያ ጣቶቹን በሱሪው ላይ ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ ጢሙን በእጅጌው አብሶ፣ ዶሮ ቤት ገብቶ እንቁላል ይለቅማል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በሁዳዴ ነው። ስድሳ አንድ ዓመት የሞላው፣ ከኮስማች በላይ ተራራው ላይ ባለው መንደራችን ካሉት ጣራዎች ግማሹን በገዛ እጁ የከደነ ሰው እንደ ድመት ተሸሽጎ ቅቤ ሲልስ ማሰብ ያሳፍራል። እሱንም ያሳፍረው ነበር። ግን ይጣፍጠውም ነበር፤ ይህንን አልደብቅለትም።

ነገሩ የጀመረው በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ነው። በረዷማውን ክረምት ሙሉ ሆዱን እንደ ፍም ሲያቃጥለው ከርሞ፣ ቆርቆሮ ሊያመጣ ወደ ኮሎሚያ ከተማ በወረደበት ቀን ለማንም ሳይናገር ሐኪም ዘንድ ገባ። ሐኪሟ ገና ልጅ እግር ናት፤ ሆዱን ጫን ጫን አድርጋ አየችውና ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች።

«አባባ፣ ጨጓራዎ ቆስሏል» አለችው። «ምንድን ነው የሚበሉት?»

«ጾም አይደል እንዴ? ጎምጣጣ ጎመን ነዋ። ባቄላ። የበቆሎ ገንፎ። ደግሞ ጎምጣጣ ጎመን።»

«ጎመኑን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ወተት ይጠጡ፣ ቅቤ ይብሉ፣ እንቁላል ይብሉ። ጣራ ላይ መውጣትም ለጊዜው ይቅርብዎ።»

«ከፋሲካ በኋላ እጀምራለሁ።»

«ከፋሲካ በኋላማ በእግርዎ አይመጡም፤ ተሸክመው ነው የሚያመጡዎት» አለችና ወረቀቱን ሰጠችው።

ለታመመ ሰው ጾም እንደሚፈታ ሃፊያም ታውቃለች። የእነሱ ጾም ግን የስለት ጾም ነው። በተጋቡ በስምንተኛው ዓመት የወለዷት አንድያ ልጃቸው ካሊና፣ በሦስት ዓመቷ ጉሮሮዋ ተዘግቶ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ስታጣጥር፣ ሃፊያ ግድግዳው ላይ ባለው ቅዱስ ሥዕል ፊት ተንበርክካ «ይህችን ልጅ ተውልኝ፤ እስክንሞት ድረስ ሁዳዴን አንዲት ጠብታ ቅባት ሳንቀምስ እንጾምልሃለን» አለች። ታናሲ ከኋላዋ ቆሞ «አሜን» አለ። ሊነጋጋ ሲል ልጅቱ ውሃ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ሃያ አራት ሁዳዴ አልፏል፤ ሁለቱም አንዲት ቀን አልገደፉም። ስለት የሐኪም ወረቀት አያነብም ትላለች ሃፊያ።

አሁን ያቺ ልጅ ኮሎሚያ ሹፌር አግብታ፣ ለፋሲካ ሰሞን ልትወልድ ቀን እየቆጠረች ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። በዚህ ሰዓት ታናሲ ሄዶ «ስለታችንን ላፈርስ ነው» ቢል፣ ሃፊያ ልጅቱ እስክትገላገል ድረስ እህል ከአፏ፣ እንቅልፍ ከዓይኗ አይገባም። እሱ የፈራው ይህንን ነው። እግዚአብሔር ሁኔታዬን ያያል፤ ሃፊያ ግን አታይልኝም ብሎ ደመደመና ከገበያ አንድ ሙዳ ቅቤ ገዝቶ ወደ ተራራው ወጣ።

የዚህን ሰው ነገር ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ታናሲ በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ሽማግሌው ዩራ ዘንድ ቆርቆሮ ሥራ ለመማር ገባ። የመጀመሪያ ጣራው የአንዲት ባልቴት ቤት ነበር። አንዱን ቆርቆሮ በሌላው ላይ ደርቦ፣ ፀጉር እንኳ በማያሳልፍ ሁኔታ አጥብቆ ቀጥቅጦ አጣበቀውና ደረቱን ነፍቶ ወረደ። በመጀመሪያው ዝናብ ውሃው በባልቴቷ አልጋ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። አብረውት የሚሠሩት ሳቁበት። እሱ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ዩራ አልተቆጣም። ሁለት የመስኮት መስተዋት አምጥቶ ፊት ለፊት ገጠማቸውና በአንደኛው ጠርዝ በኩል የክብሪት እንጨት ሰካ፤ በሌላው በኩል ግን እንደተጣበቁ ተዋቸው። በክር አስሮ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ባለበት ሳህን ላይ አቆማቸው። ቀዩ ውሃ በመስተዋቶቹ መካከል ሽቅብ መውጣት ጀመረ። በክብሪቱ በኩል ብዙም ሳይነሣ ቀረ፤ ወደ ጠባቡ በኩል ግን እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ ጠርዙ ጋ ከስንዝር በላይ ወጣ።

«አየህ?» አለ ዩራ። «ሰፊ ቦታ ላይ ሰነፍ ነው። ሲጠብለት ይወጣል።»

«ውሃ እኮ ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ ጋሼ።»

«ማን ነገረህ? ቁልቁል የሚሄደው ወንዝ ነው። ይሄኛው የሚይዘው ግድግዳ ካገኘ ይሳባል። አንተ ደግሞ አጥብቀህ መሰላል ሠራህለት። በሁለቱ ቆርቆሮ መሃል ጥፍርህን የምታሾልክበት ያህል ብትተውለት ኖሮ ወደ አልጋው ባልመጣ ነበር።»

ከዚያ መስተዋቶቹን ፈታና ውስጣቸውን በበግ ጮማ አሻሽቶ መልሶ አቆማቸው። ቀዩ ውሃ አልወጣም። እንዲያውም በመካከላቸው ከሳህኑ ውሃ ዝቅ አለ። «ጮማ የነካው ነገር ላይ ይኮራል» አለ ዩራ። ታናሲ ዕድሜ ልኩን ጣራ ሲከድን የኖረው በእነዚያ ሁለት መስተዋቶች ነው ቢባል ውሸት የለበትም። ሌላ ትምህርት ቤት አልገባም። ከዚያ በኋላ ያተረፈው ነገር ቢኖር በቆርቆሮ መቀስ የተቆረጠች የሌባ ጣቱ ጫፍ ናት፤ እሷም ያጣት እንጂ ያተረፋት አይደለችም።

ሃፊያንም ያገኘው በዚሁ በውሃ ነገር ነው። የእኛ ሴቶች በሁዳዴ እንቁላል ይጽፋሉ፤ ቀባች አይባልም፣ ጻፈች ነው የሚባለው። የቀለጠ ሰም በቀጭን የነሐስ ቱቦ እያፈሰሱ በቅርፊቱ ላይ መስመር ይስላሉ፤ ከዚያ ቀለም ውስጥ ይነክሩታል፤ ሰም የነካው ቦታ ቀለም አይነካውም። ሃፊያ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከእሷ የተሻለ እጅ በመንደሩ አልነበረም፤ የምትጽፍበት ብዕር፣ ያ የነሐስ ቱቦ፣ ግን ከእናቷ የወረሰችው፣ ሰም የሚያዝረከርክ ነበር። ይህንን ለጓደኞቿ ስታማርር የሃያ ስድስት ዓመቱ ታናሲ ከጎረቤት ጣራ ላይ ሆኖ ሰማ።

ከሥሥ ነሐስ ቆርጦ በመርፌ ላይ ጠቀለለ። የመጀመሪያው ሰፋና ሰሙ ዱብ ዱብ አለ። ሁለተኛው ከመጠን በላይ ጠበበና ሰሙ ሳይወጣ በረደ። ሦስተኛው ውስጡ ሸካራ ሆነ። ስድስት አበላሽቶ በሰባተኛው፣ ውስጡን አመድ በነካ ክር ሞርዶ፣ ሞርዶ አለሰለሰውና እሳት ላይ አሙቆ ጫፉን ብቻ የቀለጠው ሰም ላይ አስነካው። ሰሙ ማንም ሳይጠራው በራሱ ወደ ውስጥ ወጣ። አዘንብሎ ቢይዘውም አልተንጠባጠበም፤ ቅርፊት እስኪነካ ድረስ ጫፉ ላይ ቆሞ ጠበቀ። በሆሣዕና ቀን ቅዳሴ ሲያልቅ ለሃፊያ ሰጣት። ከሦስት ቀን በኋላ እሷ ራሷ ደጁ ድረስ መጣች።

«አይንጠባጠብም» አለችው።

«አይንጠባጠብም።»

«ለምን?»

ታናሲ ከቀትር ጀምሮ ላሞች እስኪገቡ ድረስ ነገራት። «ስለ ሰም ይህን ያህል የሚያወራ ሰው፣ ስለ እኔማ እንዴት ያወራ ይሆን ብዬ አገባሁት» ትላለች ሃፊያ እስከ ዛሬ። «ተታለልኩ። ስለ ሰም ብቻ ነው የሚያወራው።»

እንግዲህ ሠላሳ አምስት ዓመት በዚያ ብዕር ጽፋለች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጉልበቷን ስለሚያማት፣ ዶሮ ቤት ጎንበስ ብሎ መግባት የታናሲ ሥራ ሆነ። ልስልሱን ይመርጣል፣ ስንጥቅ እንዳይኖረው ወደ ብርሃን ያነሣዋል፣ በአጃ በተሞላ ቅርጫት ያስቀምጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው፣ መቼም ገብቷችኋል፣ ከሥራ ጎጆው እንደወጣ ነው።

ሆሣዕና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሃፊያ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ጀመረች። በእናቷ ወግ ሕፃን ሲወለድ የመጀመሪያ መታጠቢያው ውስጥ የተጻፈ እንቁላል ይገባል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ለካሊና ልጅ ጻፈችው። ፀሐይ፣ የጥድ ቅርንጫፍ፣ የፈረስ ጥርስ የሚባለው ሐረግ፤ መስመሩ ሁሉ ከፀጉር የቀጠነ። ከዱር ፖም ልጣጭ በተቀቀለው ቢጫ ቀለም ውስጥ ነከረችው። ስታወጣው ሰም ባልነካው ቦታ ሁሉ ቢጫው ይዟል፤ በሦስት ቦታ ግን አልያዘም። ሦስት ነጫጭ ነጥቦች ቁልጭ ብለው ቀሩ።

ጠረገችና መልሳ ነከረችው። አሁንም ሦስት። ሌላ ጻፈች፤ ሦስት። የቀለሙን ልጣጭ ለወጠች፣ ቀለም የሚያስይዝ ሻብ ጨመረች፣ ማሰሮውን አጠበች። በሁለት ቀን ውስጥ ዐሥራ ሁለት እንቁላል ጻፈች፤ ዐሥራ ሁለቱም ላይ ሦስት ሦስት ነጥብ።

ዓርብ ጠዋት ጎረቤታቸው ቫሲሊና እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ ገባች። የካሊና ክርስትና እናት ናት፤ ምላሷ ረጅም ነው፣ ልቧ ግን ከምላሷ አያንስም። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አገላብጣ አየች።

«ዶሮዎችሽ ናቸው» አለች። «አርጅተዋል። ያረጀ ዶሮ ምኑንም አይችልበትም። አይደለም እንዴ፣ አበልጄ?» ብላ ወደ ታናሲ ጠቀሰች።

«እኔን ከዶሮ ጋር አትቁጠሪኝ፣ አበልጄ» አለ ታናሲ። «እኔ ገና እጥላለሁ።»

ቫሲሊና ሳቀች። ሃፊያ አልሳቀችም።

«ሦስት ነው፣ ቫሲሊና» አለች በቀስታ። «በሁሉም ላይ ሦስት። ካሊና ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ይሄ ሦስተኛው ነው።»

ቫሲሊና የያዘችውን እንቁላል ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠች።  ሃፊያ ብዕሩን በጨርቅ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ አስገባችው። «ዘንድሮ አልጽፍም» አለች።

ታናሲ ከእንቁላሎቹ አንዱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። አንደኛው ነጥብ ሰፊ ነው፤ አውራ ጣት። ሁለተኛው አጭርና ደፍጣጣ፤ ጫፍ የሌላት የሌባ ጣት። ሦስተኛው የመሃል ጣት። ደሙ ወደ ፊቱ ወጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለውን ብዙ ጊዜ ሰምቷል፤ በቢጫ ቀለም ይጠራል ብሎ ግን አላሰበም።

በመጀመሪያ ያደረገው ፈሪ ሁሉ የሚያደርገውን ነው። ቅዳሜ ሃፊያ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ከጎምጣጣው ጎመን በርሜል ውሃ ቀድቶ ገና ያልተጻፈባቸውን እንቁላሎች አጠባቸው። ያ ውሃ ያገኘውን ቅባት ያነሣል። ስድስቱን ብቻ ለጊዜው ሳያጥብ ትቶ ሸፈናቸው፤ የሃፊያ መመለሻ ስለደረሰበት ነው። ስትመለስ፣ «እስቲ ዛሬ ደግሞ ሞክሪ፤ አሁን ይይዛል» አላት።

«ቢይዝም አልጽፍም» አለች ሃፊያ። «ያየሁትን አይቻለሁ።»

እንቁላሉ ቢታጠብም የሃፊያ ፍርሃት እንደማይታጠብ ያን ጊዜ ገባው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃ እንኳ አልቀምስ አለች። በዚያ በሚያማት ጉልበቷ በሥዕሉ ፊት ወለሉ ላይ ተንበርክካ ትውላለች። በሆሣዕና ምሳ ሰዓት ለታናሲ ጎመኑን አቅርባ እሷ ግን ተመልሳ ተንበረከከች። ታናሲ በላ። ሆዱ ተቃጠለ። የዚያን ቀን ግን ከሆዱ ይልቅ የጎዳው ጀርባዋን ማየት ነበር።

የሕማማት ሰኞ ጠዋት፣ ጠረጴዛው ላይ ሳህንና አንድ ኩባያ ውሃ አስቀመጠ። አንድ የታጠበ እንቁላልና አንድ ካልታጠቡት ጎን ለጎን አጃ ላይ አስተኛ። ከፍራሽ ውስጥ አንድ የገብስ አገዳ መዝዞ አመጣ።

«ሃፊያ፣ ነይ ተቀመጪ።»

«ምን ልታሳየኝ ነው?»

«ውሃ።»

«ውሃ አውቃለሁ» አለች፤ ግን መጣች፤ ጉልበቷም ደክሞት ነበር።

በአገዳው ጫፍ አንድ ጠብታ ወስዶ በታጠበው እንቁላል ላይ አስቀመጠ። ጠብታው ወዲያው ተንጋለለና ተዘረጋ። ሁለተኛ ጠብታ ባልታጠበው ላይ አኖረ። እሱም ተዘረጋ። ሦስተኛውን በዚያው እንቁላል ላይ፣ ትንሽ ፈንጠር አድርጎ አኖረው። ይሄኛው አልተዘረጋም፤ እንደ አተር ክብ ሆኖ ተቀመጠ። እንቁላሉን ቢያንቀሳቅሰው ጠብታው ዘለለና አጃው ላይ ወደቀ።

«ይሄ ቦታ ቅባት ነክቶታል» አለ ታናሲ። «ውሃ ቅባት ላይ አይተኛም። ቀለምም ውሃ ነው።»

ሃፊያ አገዳውን ከእጁ ተቀብላ ራሷ ሞከረች። አንድ ቦታ ላይ ተንጋለለ፤ ሌላ ቦታ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ቦታ ላይም ተቀመጠ። ሦስት ቦታ።

«በዚህ ቤት በሁዳዴ ቅባት ከየት መጣ?» አለች።

ታናሲ ከተነከሩት ዐሥራ ሁለት አንዱን አንሥቶ ሦስት ጣቶቹን በሦስቱ ነጭ ነጥቦች ላይ አሳረፈ። አጭሯ የሌባ ጣት በአጭሩ ነጥብ ላይ ልክክ አለች። ሃፊያ ጣቶቹን ተመለከተች፤ ከዚያ ፊቱን፤ ከዚያ እንደገና ጣቶቹን።

«እጅህ ነው።»

«እጄ ነው።»

«እጅህ ላይ ምን ነበር?»

ወጥቶ ሄደና የመበየጃውን ሣጥን ይዞ መጣ። እርሳሱን አነሣ፣ ሙጫውን አነሣ፣ ጨርቁን ገለጠ። ከሙዳው የቀረው ቅቤ በሕማማት ሰኞ፣ በሥዕሉ ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። የሐኪሟንም ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አጠገቡ አኖረው።

«ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ነው» አለ። «ጨጓራዬ ቆስሏል። ስለቱን ሰበርኩት። አንቺ እንዳትፈሪ ብዬ ነበር ዝም ያልኩት፤ ይኸው የባሰ አስፈራሁሽ።»

«ሦስቱ ነጥብ...»

«ካሊና አይደለችም። ይሄ፣ ይሄ ጎራዳው፣ እና ይሄ።»

ሃፊያ ሽርጧን አንሥታ ፊቷን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ታናሲ ታለቅሳለች ብሎ ሊነሣ ሲል ሳቋን ሰማ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሳቅ አልነበረም። ሽርጡን ስታወርድ ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቷ ግን ከዓርብ ወዲህ ያላየው ፊት ነበር። ቁጣዋ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«በቆሰለ ሆድ ጣራ ስትወጣ ከረምክ?»

«ሁለት ጣራ ብቻ ነው።»

«ጎመኑንስ?»

ታናሲ ጢሙን በእጅጌው አበሰ።

«በየቀኑ ጎመን አቀርብልህ ነበር። በላህ?»

«በላሁ።»

«ጎምጣጣውን?»

«ስትደግሚኝም በላሁ።»

«በገዛ እጄ ሳቃጥልህ!» አለች ሃፊያ። «ፊቴ ተቀምጠህ፣ ጎረስክ፣ ዋጥክ፣ ‹ሃፊያ፣ ይጣፍጣል› አልክ። ስለ ሰም ግማሽ ቀን የሚያወራ አፍህ ስለ ሆድህ አንዲት ቃል አጣ?»

«ስለቱን ፈራሁ።»

«ስለቱ የእኔ ነው። የተሳልኩት እኔ ነኝ።»

«አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ልጄን ተውልኝ አልኩት እንጂ ባሌን ውሰደው አላልኩትም» አለች።  «እንደዚያማ አልተዋዋልንም።»

ተነሥታ ከዐሥራ ሁለቱ ሁለት እንቁላል ወስዳ በድስት ውሃ ምድጃው ላይ ጣደች። ሰሙ ቀልጦ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ ፀሐዩም የጥዱም ቅርንጫፍ አብረው ሄዱ። ታናሲ ምን ልታደርግ እንደሆነ ሲገባው ከወንበሩ ተነሣ።

«ሃፊያ፣ ሕማማት እኮ ነው።»

«ቀን መቁጠር አልጠፋኝም። ተቀመጥ።»

እንቁላሎቹን ልጣ፣ ለሁለት ለሁለት ከፍላ፣ ጨው ነስንሳ አቀረበችለት። ከቅቤውም በቢላ ጫፍ ቆርጣ ልታደርግበት ስትል አሸተተችው።

«ይሄ ሙጫ ሙጫ ይላል።»

«ትንሽ ይላል።»

«አምስት ሳምንት ሙጫ ስትበላ ነው የከረምከው» አለችና ቅቤውን ለዶሮዎቹ ወረወረችው። «ብላ።»

ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ ደረቅ ዳቦዋን በውሃ እያራሰች ትጠብቀው ጀመር። ታናሲ የመጀመሪያውን ግማሽ ጎረሰ። ልክ በዚያ ሰዓት ቫሲሊና በሩን ከፍታ ገባች።

ቫሲሊና የአበልጇን ጉንጭ፣ የእንቁላሉን ቅርፊት፣ የግድግዳውን ሥዕል በየተራ አየች። አማተበች። በመንደራችን ለቫሲሊና አንድ ነገር ነገርክ ማለት ደወል ደወልክ ማለት ነው፤ ታናሲም ይህን ስለሚያውቅ ሳህኑን በእጁ ከለለ። ሃፊያ ግን አልተነሣችም።

«እኔ ነኝ ያበላሁት» አለች። «ታሟል። ለሚጠይቅሽ ሁሉ እንደዚህ ብለሽ ንገሪ፤ ለማይጠይቅሽም ንገሪ።»

ቫሲሊና ቀረብ ብላ ሳህኑን ተመለከተችና፣ «ለታመመ ሰው አስኳሉን እንዲህ አድርቀሽ ትቀቅያለሽ?» አለች። በማግስቱ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ በጨርቅ የተሸፈነ የወተት ማሰሮ ተቀምጦ ተገኘ። እስከ ፋሲካ ድረስ በየቀኑ እየተገኘ ሰነበተ።

ሃፊያ በዚያው ሰኞ ብዕሩን ከመሳቢያ አወጣች። የቀሩትን ስድስቱን ታናሲ እንደነገራት በጎመን ውሃ ካጠበች በኋላ ሁሉንም ጻፈቻቸው፤ ቢጫው ያዘ፣ ብርቱካኑ ያዘ፣ ጥቁሩ ያዘ። ታናሲ እንቁላል እንዳይነካ ተከልክሎ ከምድጃው አጠገብ ወተቱን ይዞ ተቀመጠ። ለካሊና ልጅ የተጻፈውን አማቻቸው ቅዳሜ ዕለት መጥቶ በሱፍ ጠቅልሎ ወሰደው።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ ፖስተኛው ዳገቱን እያለከለከ ወጥቶ ቴሌግራም አመጣ። ታናሲ መነጽሩን ሲፈልግ ሃፊያ ነጠቀችው። ቆማ አነበበች፤ ከዚያ ተቀምጣ ደግማ አነበበች። ሴት ልጅ፣ አራት ኪሎ ሊሆን ጥቂት የቀረው፣ እናቲቱም ደኅና። ሃያ አራት ዓመት የጾመችለት፣ ሦስት ቀን ወለል ላይ የተንበረከከችለት ነገር በአንድ መስመር ተጽፎ እጇ ላይ ነበር።

ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ አስገባችና ወደ ባሏ ዞረች።

«ታናሲ» አለችው። «ወተትህን ጠጣህ?»